የሞዴል ዓመት ምስክርነት

ሰው ውስጡን ሊያየው የማይችለውን ነገር በማን ምስክርነት አምኖ ሊቀበል ይገባዋል የሚለው ጥያቄ፣ ከጥንት ጀምሮ የሃይማኖት ሊቃውንትን ሲያመራምር የኖረ ከፍ ያለ ጥያቄ ቢሆንም፣ በዛሬው ዘመን ከመጻሕፍት ገጽ ይልቅ በጋራዥ ደጃፍ በብዛት ሲነሣ ይሰማል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ገንዘቡን ቋጥሮ የወጣ ሰው፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሯ የጸዳ፣ ድምፅዋ የለሰለሰ መሆኑን በዓይኑና በጆሮው ቢያረጋግጥም፣ ሞተሯ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ፣ ካምቢዮዋ በማን እጅ እንደ ተጎዳ፣ በየትኛው ጎርፍ ውስጥ ገብታ እንደ ወጣች ግን ሊያይ አይችልምና፣ ለዚህ ስውር ነገር ምስክር ይፈልጋል፤ ፈልጎም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምስክር አንድ ቍጥር ነው። «ሞዴሏ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሁለት ሺህ አራት» ይሉታል፤ ልቡም ያርፋል።

ልብ እንዲህ በቍጥር ላይ ማረፉ ተገቢ ነውን? ነገሩ ከላይ ሲያዩት ስለ መኪና ቢመስልም ሥሩ ስለ መታመን ነው፤ ስለ መታመን ለሚመራመር ሰው ደግሞ ጀልዴሳ የምታስተምረው ነገር አላት። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር መንደሮች እንደ አንዷ የምትቈጠረው ይህች ቆላማ ስፍራ፣ ባቡር ወደ አገራችን ሳይገባ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት፣ በረሓውን አቋርጦ የመጣው ግመል ጭነቱን አራግፎ ወደ ደጋው ለሚወጣው የጋማ ከብት የሚያስረክብባት የታወቀች በር ነበረች። በዚያን ጊዜ በዚህ መንገድ የሚጓዝ እንግዳ ነጋዴ ብቻውን ወደ በረሓ አይገባም ነበር፤ ሶማሌዎች «አባን» የሚሉት ዋስ ነበረው። አባኑ እንግዳውንና ጭነቱን በራሱና በጎሣው ስም ተቀብሎ የሚያሻግር፣ አንድ ነገር ቢጠፋ ወይም አንድ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ የቆመ ሰው ስለ ነበረ፣ የነጋዴው እምነት ያረፈው ፊቱን በሚያውቀው፣ ጎሣውን በሚጠራው፣ ነገ ቢፈልገው በሚያገኘው ሕያው ሰው ላይ ነበር።

ግመል ለሚገዛ ሰውም የዕድሜ ነገር ስውር አልነበረም። ግመል ከአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ባለው ጊዜ የፊት ጥርሶቹን እየለወጠ ቋሚውን ስለሚያበቅል፣ ከንፈሩን ገልጦ ማየት ለሚያውቅ ሰው ዓመቱ ከአፉ ይነበባል። ነገር ግን ግመሉ በሌሊት ይኰበልል እንደ ሆነ፣ ጭነት ሲጫንበት ይነክስ እንደ ሆነ፣ በውሃ ጥም ስንት ቀን እንደሚጸና ጥርስ አይናገርም፤ ይህን የሚናገረው ያሳደገው ሰው ነው። እንግዲህ ዓመትን ማወቅና ጠባይን ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ዕውቀቶች መሆናቸውን የበረሓው ሰው ያለ መምህር ያውቀው ነበር ማለት ነው። 

ያገለገለ ዕቃ ዘመኑ እየተመረመረ የተሸጠበትና የተገዛበት፣ በታሪካችን የተመዘገበ አንድ ጉዳይም አለ። በሐረር የንግድ ሥራ ይዞ በዚህ በረሓ የተመላለሰው፣ ቅኔውን በወጣትነቱ ጥሎ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ፣ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ በታጁራ በኩል ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ አምጥቶ ነበር። ጠመንጆቹ በአውሮፓ ሠራዊት ዘንድ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ አሮጌ መሣሪያዎች እንደ ሆኑ፣ በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ሰባትና ስምንት ፍራንክ እንደሚያወጡ፣ ለንጉሡ ግን በአርባ ፍራንክ ያህል እንደሚሸጡ ራሱ ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሳይሸፍን ገልጦታል። ምኒልክ ግን በዚያው ዓመት ሐረርን ይዘው የተመለሱ፣ የመሣሪያን ዓይነትና ዘመን ለይተው የሚያውቁ ንጉሥ ነበሩና፣ ጠመንጆቹን በራሳቸው ዋጋ ወሰዱ፤ የሞተው የራምቦ ሸሪክ ያለበትን ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ፤ የቀረውን ገንዘብ ከሐረሩ ገዢ ከመኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጥተው አሰናበቱት። ነጋዴው እጅግ አዘነ፤ እኔ ግን በዚህ ግብይት የማደንቀው ነገር አለ። ሻጩ የዕቃውን ዘመን ያውቃል፤ ገዢውም ያውቃል፤ ስለዚህ በመካከላቸው የቀረው ክርክር የዋጋ ክርክር ብቻ ነበር፤ የዋጋ ክርክር ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚገባው አንደኛው የሚያውቀውን ሁለተኛው እንዳያውቅ ሆኖ ሲደበቅ ነው።

ወደ ዛሬው ገበያ ስንመለስ፣ የሞዴል ዓመት የሚባለው ነገር እንደሚታሰበው ግልጥ ያለ ምስክር እንኳ አለመሆኑን ማየት ይገባል። ፋብሪካዎች የሚመጣውን ዓመት ሞዴል ዓመቱ ሳይገባ መሸጥ ልማዳቸው ስለ ሆነ፣ የ2004 ሞዴል የምትባል መኪና በ2003 መከር ተሠርታ ልትገኝ ትችላለች፤ ይህም ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ያን ጊዜ ገና 1996 ነበርና፣ ቍጥሩን ሰምቶ ዕድሜዋን በኢትዮጵያ ዘመን የሚያሰላ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት አሳንሶ ይገዛል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራች መኪና 17 ፊደልና ቍጥር ካለው የሻንሲ ምልክት ላይ ዐሥረኛው ዓመቱን ይገልጣል፤ ለጃፓን ገበያ በተሠራችው ላይ ግን ያለው አጭር የሻንሲ ቍጥር ስለ ዓመቱ ምንም አይልም። እንዲህ ባለ ጊዜ አስተዋይ ገዢ የሊብሬውን ጽሑፍ ብቻ ተቀብሎ ዝም አይልም፤ በሩን ከፍቶ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ድረስ ይስባል፤ ከሥሩ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ ቀበቶው የተሠራበት ዘመን ታትሞ ያገኛል። የሊብሬው ዓመት ከቀበቶው ዓመት ቢቀድም ወይም እጅግ ቢዘገይ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ተናግሯል ወይም ቀበቶው ከአደጋ በኋላ ተለውጧል ማለት ነውና፣ ያን ጊዜ የሻጩን ፊት ቀና ብሎ ማየት ደግ ነው።

ይሁን እንጂ የሞዴል ዓመትን ምስክርነት ፈጽሞ መናቅም አላዋቂነት ነው። ምክንያቱም በአንድ ዓመት የተሠሩ መኪኖች ከአንድ ሐሳብ፣ ከአንድ ንድፍ፣ ከአንድ እጅ የወጡ ስለ ሆኑ የጋራ በጎነትና የጋራ ነውር አላቸው። ቶዮታ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በኮሮላ ላይ የገጠመው 1ዜድዜድ የተባለ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ስላልበቁ፣ ቀዳዳዎቹ በጥቀርሻ እየተደፈኑ ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት ይያዝና ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምር ነበር፤ ፋብሪካው ይህን አይቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፒስተኑን አሻሽሎ ሠራው። እንዲህ ባለው ነገር የኋለኛው ዓመት ሞዴል የፋብሪካው ንስሐ ነው ማለት ይቻላል፤ የበደለውን አውቆ፣ ምክንያቱን መርምሮ፣ ሥራውን ለውጧልና። አዲስ ቅርጽ ወጥቶ የመጀመሪያ ዓመቱን ያልጨረሰ መኪና አትግዛ የሚለው የመካኒኮች ምክርም ከዚህ የመጣ ነው፤ ያልተፈተነ ነገር ገና ንስሐ አልገባምና ትክክለኛ ምክር ነው።

ነገር ግን ይህ የጋራ ምስክርነት ወሰን አለው፤ የሚያሳዝነው ታሪክም በዚያ ወሰን ላይ ይጀምራል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለብዙ ፋብሪካዎች የሠራው ኤርባግ በውስጡ የሚፈነዳው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ቅመም ስለ ነበረ፣ ቅመሙም በብዙ ዓመት ሙቀትና ርጥበት እየተበላሸ ሲሄድ ኤርባጉ ከመጠን በላይ በኃይል ፈንድቶ የብረት ስባሪ በተሳፋሪው ላይ የሚረጭ ስለ ሆነ፣ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ መኪኖች ወደ ጥገና ተጠርተዋል፤ ከነዚህም መካከል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተሠሩ፣ በእኛም አገር «አትሰበርም» እየተባሉ በስም የሚጠሩ የኮሮላ ሞዴሎች ነበሩበት። ኩባንያው የኤርባጉን የፈተና ውጤት አዛብቶ ለደንበኞቹ ማቅረቡን በፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት አምኗል፤ በዚያው ዓመትም ከሥሯል። ሰው ሁሉ ያመሰገነው ዓመት፣ መካኒክ ሁሉ የመሰከረለት ሞተር፣ በኤርባጉ ውስጥ ይህን ስውር ነገር ተሸክሞ ይዞር ነበር ማለት ነው። ዓመቱ አልዋሸም፤ ዓመት የሚዋሽ አፍ የለውም። የዋሹት የፈተናውን ወረቀት የያዙ፣ ስም ያላቸው፣ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ የምረዳው ነገር፣ ገዢ ወደ ዓመት የሚሸሸው ዓመት እውነተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ሰውን ማመን ስለ ከበደው መሆኑን ነው። ደላላው በጥላ ሥር ቆሞ «አቦ፣ ጋሼ፣ ይመኑኝ፤ ይቺ ዓመት አትሰበርም!» ሲል፣ ስለ መኪናዋ የሚያውቀውን አልተናገረም፤ ስለ መኪናዋ ከመናገር አመለጠ እንጂ። ገዢውም ይህን ሰምቶ ሲደሰት፣ የልደት ዘመኑንና የእናቱን ስም ለደብተራ ነግሮ ኮከቡ መልካም ነው ሲሉት ሥራውን ሳይመረምር ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው ይሆናል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ የአባት ጽድቅ ዐመፀኛውን ልጅ እንደማያድነው፣ የአባትም ኃጢአት በጻድቁ ልጅ ላይ እንደማይቈጠር ሲያስተምር፣ ትውልድ ስለ ትውልድነቱ ብቻ ሊመሰገን ወይም ሊኰነን እንደማይገባው ማመልከቱ ነው። በመልካም ዓመት የተወለደች መኪና ዘይቷ ሳይለወጥ ዓመት ቢያልፋት፣ ራዲያተሯ ደርቆ በድሬዳዋ ፀሐይ ቴስታታዋ ቢጣመም፣ ከጀልዴሳ ወደ ከተማ በሚያስኬደው የአሸዋ መንገድ ላይ ከአቅሟ በላይ ተጭና ባሌስትራዋ ቢሰበር፣ የዓመቷ ጽድቅ አያድናትም።

በተቃራኒውም ፔጆ 404 የተባለችውን መኪና እናስብ። በፈረንሳይ አገር በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ድረስ ስትሠራ ቆይታ ሥራዋ ካቆመ በኋላ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ጐዳናዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና አገልግላለች። ሕይወቷን ያቆየላት ባለቤቷ፣ ሾፌሯና መካኒኳ እያንዳንዱን ብሎን በስም እስኪያውቁት ድረስ አብረዋት መኖራቸው ነበር። እንዲህ ያለችውን መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው «ሞዴሏ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሰው ይስቅበታል፤ «የማን ነበረች?» ብሎ ከጠየቀ ግን መልስ ያገኛል።

ስለዚህ የሻጩ አንደበት ከዓመቱ ይልቅ ይከብዳል። በጀልዴሳና በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ነውና ከራሱ ትምህርት ልጀምር። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጡ ቢያገቡ ጣታቸው ርጥበት ነካው፤ ባለቤቱም ዝናብ ያገኘው መሆኑን ቢናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ሊያደርገው ይገባው እንደ ነበር ነግረው ገሥጸውታል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ነጋዴው ዝናብ በማግኘቱ ያልተወቀሰ መሆኑን ነው፤ ዝናብ የፈጣሪ ሥራ ነው፤ የተወቀሰው እርጥቡን ከደረቁ ሥር በማድረጉ ነው። የእስልምና ሊቃውንትም ነውር ያለበትን ዕቃ ሳያውቅ የገዛ ሰው ውሉን የማፍረስ መብት እንዳለው «ኺያሩል ዐይብ» በሚሉት ሥርዓት ወስነዋል። በእኛም በክርስቲያኖቹ ዘንድ ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ያለው፣ ገበያም የነፍስ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

የመንግሥት ሕግም ከዚህ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢም ዕቃውን እንደ ተቀበለ ሳይዘገይ እንዲመረምር ያስገድደዋል። በውልና ማስረጃ ፊት በሚፈረሙት ወረቀቶች ላይ ዘወትር «አይቼና አስፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ስለሚጻፍ፣ ብዙ ሻጮች በዚህ ቃል ከኅሊናቸው ዕዳ ጭምር የዳኑ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ነውሩን እያወቀ በተንኰል የደበቀ ሻጭ እንዲህ ባለው ቃል ሊጠለል እንደማይችል ይናገራል። እኔም ሕግ አዋቂ ባልሆን እንኳ ይህን እውነት በገዛ አእምሮዬ እቀበለዋለሁ፤ ገዢው «አይቻለሁ» ብሎ የፈረመው ሊያየው የሚቻለውን ነውና። በአዲስ ቀለም የተሸፈነውን ዝገት፣ ወደ ኋላ የተመለሰውን የኪሎ ሜትር ቍጥር፣ ጭሱን ለአንድ ሳምንት ለማጥፋት ከዘይቱ ጋር የተደባለቀውን ወፍራም ነገር በምን ዓይኑ ያየዋል?

«ነውሩን ብናገር ማን ይገዛኛል? ሌላው ሁሉ ይደብቅ የለምን?» የሚል ሻጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ክፉ ሰው ያልሆነ ሻጭ ነው ይህን የሚለው። መልሱ ግን በምኒልክና በራምቦ ግብይት ላይ ተቀምጧል፤ የታወቀ ነውር ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ሽያጭ አያፈርስም። ዘይት የምትበላ ኮሮላ ዘይት እንደምትበላ ተነግሮ በዋጋዋ ብትሸጥ፣ የሚገዛት ሰው በየሳምንቱ ዘይቷን ለክቶ እየጨመረ ዓመታት ይነዳታል፤ ሳይነገረው የገዛት ግን በኤረር መንገድ ላይ ሞተሯን አቃጥሎ ልጆቹን ይዞ በፀሐይ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመኪናዋ አይደለም።

ይህም ነገር ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜው ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም ምክንያት በየገበያው የምትሸጠው የነዳጅ መኪና ብዙውን ጊዜ በአገራችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የምትተላለፍ ናት። ቀድሞ ከጅቡቲ ወደብ የምትወጣ መኪና የት እንደ ነበረች፣ ማን እንደ ነዳት የሚያውቅ ስለሌለ፣ ከዓመቷ በቀር የሚጠየቅ ምስክር አልነበራትም፤ ስለዚህ ዓመቷን መጠየቅ ብልኅነት ነበር። ዛሬ የምትሸጠው ግን በመካከላችን የኖረች መኪና ናት፤ ቦሎዋን ሲያሳድስ የነበረው ባለቤት በሕይወት አለ፤ ሞተሯን ያወረደው መካኒክ ጋራዡ አልተዘጋም፤ ላሜራዋን ያቃናው ሰው ሠፈሩ ይታወቃል። ምስክሮቿ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ እያሉ ዓመቷን ብቻ ጠይቆ የሚገዛ ሰው ተታለልሁ ብሎ ቢከስ፣ ግማሹ ጥፋት የራሱ ስንፍና መሆኑን ከመናገር ወደ ኋላ አልልም።

ግማሹ ግን የሻጩ ነው፤ ስለዚህ ልመናዬን ለሻጭ አቀርባለሁ። መኪናህን ለመሸጥ ባሰብህ ጊዜ ለደላላው ከመደወልህ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያዝና፣ ሞተሩ ተከፍቶ እንደ ሆነ መቼና በማን እንደ ተከፈተ፣ ተጋጭታ እንደ ሆነ በየትኛው ጎኗ፣ ዘይት ትበላ እንደ ሆነ በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር፣ ኪሎ ሜትሩም እውነተኛ መሆኑን ወይም አለመሆኑን በገዛ እጅህ ጻፍ፤ ስምህንና ስልክህን ከሥሩ አኑር፤ ከሊብሬው ጋር አያይዘህም ለገዢው ስጠው። ገዢም ሆይ፣ ይህን ወረቀት ሳታይ ቀብድ አትክፈል።